ሴሉሎስ አፍራሽ ባክቴሪያ እድገቱ በምን ይለካል? በዳርትመዝ የተካሄደ ምርምር የጉዳይ ጥናት

ክሎስትሪዲየም ቴርሞሴለም ኦክስጅን በሌለበትና 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት የሚኖር፣ የዕፅዋትን ሴሉሎስ ራሱ ሰባብሮ ራሱ የሚያብላላ ባክቴሪያ ነው። ከሚያብላላው ሴሉሎስ ኢታኖል፣ አሴቲክ አሲድ፣ ላክቲክ አሲድ፣ ፎርሚክ አሲድ፣ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣሉ። የምደባ ባለሙያዎች ወደ ሌላ ወገን አዛውረው አሴቲቪብሪዮ ቴርሞሴለስ ብለውታል፤ አብረውት የሚሠሩት ብዙዎቹ ግን የለመዱትን ስም ስላልተዉ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ። ይህ የጉዳይ ጥናት የሚያተኩረው ቀላል በሚመስል አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም ባክቴሪያው በብልቃጥ ውስጥ ምን ያህል እንዳደገ በምን ይታወቃል የሚል ነው። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ሃኖቨር ከተማ በሚገኘው የዳርትመዝ ኮሌጅ የቴየር ምህንድስና ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሠራው የሊ ሊንድ ቤተ ሙከራ ወደዚህ ጥያቄ ከ10 ዓመት በላይ ደጋግሞ ተመልሶበታል።

ጥያቄው ለምን ከበደ

ከገለባ፣ ከእንጨት ወይም ከሣር ነዳጅ የማምረት የተለመደው መንገድ ብዙ ደረጃ አለው። ተክሉ በሙቀትና በኬሚካል ይለሰልሳል፤ ትሪኮደርማ ሪሴ ከሚባለው ሻጋታ የሚመረት ሴሉሌዝ ኢንዛይም ይጨመርበትና ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ እርሾ ስኳሩን ወደ ኢታኖል ያብላላዋል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የኢንዛይሙ ዋጋ ለረጅም ጊዜ የአምራቾችን ወገብ ሲያጎብጥ ኖሯል። ሊንድ ሲሟገትለት የቆየው ሐሳብ ኢንዛይም ማምረቱን፣ ሴሉሎስን መሰባበሩንና ማብላላቱን አንድ ባክቴሪያ በአንድ ጋን ውስጥ እንዲያከናውነው ማድረግ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የተነሳው ከባድ ተቃውሞ የኃይል ሒሳብን የሚመለከት ነበር። ኦክስጅን በሌለበት የሚኖር ባክቴሪያ ከእያንዳንዱ የስኳር ቅንጣት የሚያገኘው ኤቲፒ፣ ማለትም ሕዋስ ለሥራው ሁሉ የሚከፍለው የኃይል ሞለኪውል፣ ጥቂት ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ለመሥራት ደግሞ ብዙ ኤቲፒ ይወጣል። ታዲያ ይህ ባክቴሪያ ከእጅ ወደ አፍ ከሆነው ገቢው ላይ ለኢንዛይም ቆርሶ ራሱንም ማሳደግ ይችላል ወይ? መልሱን ለማግኘት ሁለት ቁጥሮች ተለያይተው መታወቅ አለባቸው፤ አንደኛው የሕዋሱ ክብደት፣ ሁለተኛው ሕዋሱ የሠራው ኢንዛይም ክብደት ነው። ችግሩ ሁለቱም ከማይሟሟ ነጭ ዱቄት ጋር ተጣብቀው መገኘታቸው ነው።

ንጽጽሩ ግልጽ እንዲሆን የአገራችንን ሁኔታ ላንሳ። በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ኢታኖል የሚመረተው ከሞላሰስ ነው። ሞላሰስ የሟሟ ስኳር በመሆኑ፣ ጥቁረቱ የብርሃን ንባብን ቢያስቸግርም፣ እርሾው በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፎ ስለሚገኝ ናሙናውን አቅጥኖ በማይክሮስኮፕ ሥር መቁጠር ይቻላል። ሴሉሎሱ ያለው ግን የአገዳው ጭማቂ ከተወጣ በኋላ በሚቀረውና በቦይለር ውስጥ በሚነድደው ባጋስ ላይ ነው። ከሞላሰስ ወደ ባጋስ የሚሻገር ተመራማሪ የመለኪያ መሣሪያዎቹ አብረውት እንደማይሻገሩ በመጀመሪያው ሳምንት ይረዳል።

የተለመዱት መለኪያዎች የሚከሽፉበት ምክንያት

ማንኛውም የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው መለኪያ ድፍርስነት ነው። ናሙናው በስፔክትሮፎቶሜትር ውስጥ ይገባል፤ 600 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ይለቀቅበታል፤ ሕዋሳቱ በበዙ ቁጥር የሚያልፈው ብርሃን ያንሳል። ይህ የሚሠራው ፈሳሹን የሚያደፈርሰው ባክቴሪያው ብቻ ሲሆን ነው። ለምርምር በብዛት የሚያገለግለው ሴሉሎስ አቪሴል በሚባል የንግድ ስም የሚሸጥ ነጭ ዱቄት ሲሆን፣ ባክቴሪያው ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ሲረዝም የዱቄቱ ቅንጣት ግን በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮሜትር ስፋት አለው። ስለዚህ ባክቴሪያ ያልገባበት ብልቃጥ ገና ከመነሻው ድፍርስ ነው። ነገሩን የሚያከፋው፣ ባክቴሪያው ባደገ ቁጥር ሴሉሎሱ እየተበላ መሄዱ ነው። በአንዱ ምክንያት ድፍርስነቱ ይጨምራል፤ በሌላው ምክንያት ይቀንሳል፤ መሣሪያው የሚያሳየው የሁለቱን ድምር ነው። በሕይወት ያለና በፍጥነት የሚያድግ ካልቸር (በብልቃጥ ውስጥ የሚራባው ባክቴሪያ ከነመመገቢያው) ንባቡ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየወረደ ሊሄድ ይችላል። በጠላ ድፍድፍ ውስጥ ያለውን እርሾ የድፍድፉን መደፍረስ እያዩ ለመገመት እንደመሞከር ነው።

በሳህን ላይ አብቅሎ መቁጠርም ብዙ አያራምድም። ባክቴሪያው ኦክስጅን ሲነካው ስለማይበቅል ሥራው ሁሉ አየር በማይገባበት ክፍል ወይም በላስቲክ በተከደነ ቱቦ ውስጥ መከናወን አለበት፤ ከአንድ የሴሉሎስ ቅንጣት ጋር የተጣበቁ ብዙ ሕዋሳትም አንድ ላይ በቅለው እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ደረቅ ክብደት መመዘኑ ደግሞ ያልተበላውን ሴሉሎስ አብሮ ስለሚመዝን ብቻውን ዋጋ የለውም።

በዓይን የሚታይ አንድ ምልክት ግን አለ። በእንደዚህ ዓይነቱ ቱቦ ውስጥ ሬሳዙሪን የሚባል አመልካች ቀለም ይጨመራል፤ ኦክስጅን ካለ ሮዝ ይሆናል፣ ከሌለ ቀለሙ ይጠፋል። ቀለሙ በጠፋው ቱቦ ውስጥ ባክቴሪያው ሴሉሎሱን መያዝ ሲጀምር ነጩ ዱቄት ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ባክቴሪያው በሴሉሎስ ላይ ሲያድግ ከቅንጣቱ ጋር የሚጣበቅ ቢጫ ንጥረ ነገር ስለሚሠራ ነው። ልምድ ያለው ሠራተኛ ዝቃጩን አይቶ ካልቸሩ መያዝ አለመያዙን ይናገራል። ይሁን እንጂ ቢጫነቱ መኖርን እንጂ መጠንን አይነግርም፤ በዚያ ላይ የብርሃን ንባቡን የሚያበላሽ ሌላ ምክንያት ይሆናል።

ፕሮቲን መለካት ከሁሉ የተሻለ መስሎ የታየ መንገድ ነበር። ሴሉሎስ ፕሮቲን የለውምና ናሙናውን በሴንትሪፊውጅ አዙሮ፣ ዝቃጩን አጥቦ፣ ሕዋሳቱን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሰብሮ የሚወጣውን ፕሮቲን መለካት ዱቄቱን ከሒሳቡ ያስወጣዋል። ማጠቡ የማይቀር ነው፤ በመመገቢያው ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ የእርሾ ንጥር ስለሚኖር ሳይታጠብ የተለካ ዝቃጭ የእርሾውንም ፕሮቲን ጭምር ይቆጥራል። እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ በውኃ የማይታጠበውን ፕሮቲን የሚመለከት ነው። ራፋኤል ላሜድና ኤድዋርድ ባየር እስራኤል ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በ1983 እንዳሳዩት፣ የዚህ ባክቴሪያ ሴሉሌዝ ሴሉሎዞም በሚባል ትልቅ ስብስብ ውስጥ የተደራጀ ነው። ስብስቡን የሚሸከመው ሲፕኤ የተባለ አውታር ፕሮቲን 9 የኢንዛይም መያዣ ቦታዎች አሉት፤ አንደኛው ክፍሉ ደግሞ ሥራው ሴሉሎስን መጨበጥ ነው። ሴሉሎሱ እስካለ ድረስ ኢንዛይሙ በአብዛኛው ከእሱ ጋር ስለሚቆይ፣ ሴንትሪፊውጁ ወደ ታች የሚያወርደው ዝቃጭ ሕዋስንም፣ ሴሉሎስንም፣ ኢንዛይምንም የያዘ ነው። የዝቃጩን ፕሮቲን በሙሉ የሕዋስ ነው ብሎ የሚወስድ ሰው የሕዋሱን ክብደት ያጋንናል፤ ኢንዛይሙ በበዛ ቁጥርም ግነቱ ይጨምራል።

በሴሎባዮስ በኩል የተደረገ ዙሪያ ጥምጥም

ችግሩን መሸሽም ይቻል ነበር፤ ብዙዎችም ሸሽተዋል። ሴሎባዮስ ሁለት የግሉኮስ ቅንጣቶች የተጣመሩበት፣ ከሴሉሎስ መሰባበር የሚገኝና በውኃ የሚሟሟ ስኳር ነው። ባክቴሪያው በእሱ ላይ ጥሩ አድርጎ ያድጋል፤ ፈሳሹ ጥርት ያለ ስለሆነም ስፔክትሮፎቶሜትር እንደ ልብ ይሠራል። በዚህ ምክንያት ስለዚህ ባክቴሪያ የእድገት ፍጥነትና ስለ ኃይል አጠቃቀሙ በርካታ መረጃዎች የተሰበሰቡት በሴሎባዮስ ላይ ነው።

በእኔ ግምት ትምህርት ሊወሰድበት የሚገባው የጉዳዩ ክፍል ይህ ነው፤ መለኪያው ስለተመቸ ብቻ ጥናቱ ባክቴሪያው ለነዳጅ ከሚፈለግበት ምግብ ርቆ ሄደ። ርቀቱ ምን ያህል እንደሆነ የታወቀው በ2005 ነው። በዚያ ዓመት ከዳርትመዝ የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በአንድ ጊዜ በተሞላ ካልቸር ውስጥ በአቪሴል ላይ ያደገው ባክቴሪያ በአንድ ግራም ሕዋስ የሚሠራው ሴሉሌዝ በሴሎባዮስ ላይ ካደገው በ9 እጥፍ ይበልጣል። ያለማቋረጥ በሚመገብና ምግቡ በተገደበ ካልቸር ውስጥ ግን፣ አዲስ መመገቢያ እንደሚገባበት ፍጥነት፣ ልዩነቱ ከ1.3 እስከ 2.4 እጥፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ ስኳር የጠገበ ባክቴሪያ ኢንዛይም መሥራቱን ይቀንሳል፤ በሴሎባዮስ በተሞላ ጥርት ያለ ብልቃጥ ውስጥ ሲለካ የነበረው የጠገበው ባክቴሪያ ነበር።

ሕዋስንና ኢንዛይምን መለየት

እነዚህን ቁጥሮች ማውጣት የተቻለው አስቀድሞ መለኪያው ስለተሠራ ነው። ዪ-ሄንግ ፐርሲቫል ዣንግና ሊንድ በ2003 አናሊቲካል ኬሚስትሪ በተባለው መጽሔት ላይ ያሳተሙት ዘዴ በኢላይዛ ላይ የተመሠረተ ነው። ኢላይዛ በሕክምና ቤተ ሙከራዎች የሚታወቅ ምርመራ ነው፤ አንድን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይዘጋጃል፣ የተያዘው መጠን ደግሞ በሚፈጠረው ቀለም ይለካል። ዳርትመዞች አንቲቦዲውን ያዘጋጁት ሴሉሎዞሙን በሚሸከመው አውታር ፕሮቲን ውስጥ ከሚገኝ አጭር የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ነው። ምርጫው የታሰበበት ነበር። በሴሉሎዞሙ ላይ የሚሰኩት ኢንዛይሞች ዓይነታቸው ብዙ ነው፣ ስብጥራቸውም እንደ ምግቡ ይለዋወጣል፤ ተሸካሚው ፕሮቲን ግን የስብስቡ ሁሉ የጋራ ምሰሶ ስለሆነ እሱን መቁጠር ስብስቡን ለመቁጠር ያስችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ መቀነስ ነው። የዝቃጩ ጠቅላላ ፕሮቲን ይለካል፤ በዝቃጩ ላይ የተገኘው ሴሉሌዝ በኢላይዛ ይታወቃል፤ ከጠቅላላው ላይ ሲቀነስ የሚቀረው የሕዋሱ ፕሮቲን ነው፤ ከእሱም የሕዋሱ ክብደት ይሰላል። በፈሳሹ ውስጥ የቀረው ሴሉሌዝም እንዲሁ ለብቻው ይለካል።

በዚህ መለኪያ የኃይል ሒሳቡ ክርክር መልክ ያዘ። ዣንግና ሊንድ በ2005 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ እንዳስረዱት፣ ባክቴሪያው በሴሉሎስ ላይ ሲያድግ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በአማካይ አራት ያህል ግሉኮሶች የተያያዙበትን ሴሎዴክስትሪን የተባለ ሰንሰለት ነው እንጂ ነጠላ ግሉኮስን ወይም ሴሎባዮስን አይደለም። የዚህን ጥቅም በቀላሉ ማስላት ይቻላል። አንድን ሰንሰለት በሽፋኑ አሳልፎ ለማስገባት፣ ሰንሰለቱ አጭርም ይሁን ረጅም፣ አንድ ኤቲፒ ይከፈላል እንበል። አራት ነጠላ ግሉኮሶች ቢሆኑ አራት ኤቲፒ ይፈጁ ነበር፤ አራቱ ተያይዘው ሲገቡ ግን አንድ ይበቃቸዋል። ከገቡ በኋላም ሰንሰለቱ የሚቆረጠው በውኃ ሳይሆን በፎስፌት ስለሆነ፣ ሦስቱ መጋጠሚያዎች ሲቆረጡ ሦስት ግሉኮሶች ኤቲፒ ሳይወጣባቸው ፎስፌት ይዘው ይወጣሉ። ይህ ቁጠባ ሴሉሌዝ ለመሥራት ከሚወጣው ወጪ እንደሚበልጥ ሒሳቡ አሳየ። ከውጭ ኢንዛይም ሳይጨመር ሴሉሎስን ማብላላት በኃይል ረገድ አይቻልም የሚለው ተቃውሞም በዚህ ተዳከመ።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መጽሔት ላይ የወጣው ሥራ ሌላ ነገር ጨመረበት። ተመሳሳይ መጠን ያለው ሴሉሌዝ በሕይወት ካለው ባክቴሪያ ጋር ሆኖ ሲሠራ ለብቻው ከሚሠራው ይልቅ ከ2.7 እስከ 4.7 እጥፍ የበለጠ ሴሉሎስ በተመሳሳይ ጊዜ ይሰባብራል። «ተመሳሳይ መጠን» የሚለው ሐረግ ትርጉም የሚኖረው ኢንዛይሙን ከሕዋሱ ለይቶ የሚመዝን ዘዴ ሲኖር ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በየቀኑ የሚሠራ መለኪያ ፍለጋ

ኢላይዛ ጥያቄውን ቢመልስም የዕለት ተዕለት መሣሪያ ለመሆን አስቸጋሪ ነው። አንቲቦዲው መዘጋጀት አለበት፤ እያንዳንዱ ናሙና ረጅም ሥራ ይጠይቃል፤ ውጤቱም የሚመጣው ካልቸሩ ካለቀ በኋላ ነው። ኤቨርት ሆልወርዳ ከባልደረቦቹና ከሊንድ ጋር በ2013 ያሳተመው ሥራ ከዚህ የተለየ አቅጣጫ ያዘ። ሕዋስንና ኢንዛይምን መለየቱን ትቶ ባክቴሪያው የገነባውን ሁሉ፣ ሕዋሱንም ከሕዋሱ ውጭ ያለውን ፕሮቲኑንም፣ በአንድነት ቆጠረ፤ ይህንንም ያደረገው በናይትሮጅንና በካርቦን ልኬት ነው።

መሠረቱ ቀላል ኬሚስትሪ ነው። ሴሉሎስ ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ብቻ የተሠራ ስለሆነ ናይትሮጅን የለውም፤ ባክቴሪያ ግን ከደረቅ ክብደቱ አንድ አሥረኛ የሚበልጠው ናይትሮጅን ነው። አሠራሩን ለማሳየት ያህል ብቻ በራሴ ቁጥሮች ላስላው። ከአንድ ሊትር ካልቸር የተገኘ የታጠበ ዝቃጭ 30 ሚሊ ግራም ናይትሮጅንና 1,000 ሚሊ ግራም ካርቦን ይዟል እንበል። የባክቴሪያው ናይትሮጅን 11.4 በመቶ ከሆነ የተገነባው ክብደት 263 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የባክቴሪያው ካርቦን 48.8 በመቶ ከሆነ ከጠቅላላው ካርቦን 128 ሚሊ ግራሙ የእሱ ነው። የቀረው 872 ሚሊ ግራም ካርቦን የሴሉሎስ ነው ማለት ነው፤ ሴሉሎስ ከክብደቱ 44.4 በመቶ ካርቦን ስለሆነ ያልተበላው ሴሉሎስ 1,960 ሚሊ ግራም አካባቢ ይሆናል። በአንድ ናሙና በዪውም ምግቡም ታወቁ። የቀረውን ሴሉሎስ በአሲድ ሰባብሮ ስኳሩን ከመለካት ከተገኘው ውጤት ጋር ሲነጻጸርም ሁለቱ ተቀራራቢ ሆነው ተገኝተዋል።

ያው ጥናት ናሙና ሳይወሰድ በቀጥታ ከጋኑ የሚነበቡ ሦስት ምልክቶችንም አነጻጽሯል፤ አሲዱን ለማመጣጠን የሚጨመረውን ቤዝ፣ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እንዲሁም በ850 ናኖሜትር የታህተ ቀይ ብርሃን የሚነበበውን ድፍርስነት። ከቀረው ሴሉሎስ ጋር ከሁሉ የተሻለ ዝምድና ያሳየውና ለአጠቃቀምም የተመቸው የመጨረሻው ነበር። ድፍርስነት ባክቴሪያውን ለመለካት ዋጋ የለውም ተብሎ ከተጣለ በኋላ ምግቡን ለመለካት ተመልሶ መጣ። በ600 ናኖሜትር ችግር የነበረው ዱቄት በ850 የሚፈለገው ንባብ ራሱ ሆነ፤ ትልቁን ብርሃን በታኝ ቅንጣት እንደ እንቅፋት ማየት ትቶ እሱኑ መከታተል ይህን ያህል ይጠቅማል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ሌላ ቤተ ሙከራ ይህን ሲወስድ

ከሁሉ ርካሹ ዘዴ ቤዙን ወይም ጋዙን መከታተል ነው። ብዙ መሣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ የሚጨምረውን የጋዝ ግፊት ለክቶ ካልቸሩ የት እንደደረሰ መገመት ይችላል። ነገር ግን ጋዝም አሲድም የመብላላት ውጤቶች እንጂ ሕዋስ አይደሉም፤ ባክቴሪያው እድገቱን ካቆመ በኋላም ማብላላቱን ሊቀጥል ይችላል፤ በዚያን ጊዜ መስመሩ ወደ ላይ መውጣቱን ሲቀጥል ሕዋሱ ባለበት ይቆማል።

ያለማቋረጥ የሚመገብ ካልቸር ሌላ መውጫ ይሰጣል። ኬሞስታት በሚባለው ጋን ውስጥ አዲስ መመገቢያ በገባበት ፍጥነት አሮጌው ይወጣል፤ ሁኔታው ሲረጋጋ የባክቴሪያው የእድገት ፍጥነት ከአሞላሉ ፍጥነት ጋር እኩል ስለሚሆን አንድም ሕዋስ ሳይቆጠር የእድገት ፍጥነት ይታወቃል። ይህ እውነት የሚሆነው ግን ዱቄቱና ከእሱ ጋር የተጣበቁት ሕዋሳት ከፈሳሹ ጋር እኩል ሲወጡ ነው። የሴሉሎስ ዱቄት ይዘቅጣል፣ ቀጭን ቱቦም ይዘጋል፤ ጋኑ በደንብ ካልተማሰለ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ ሒሳቡን ያፈርሰዋል።

የዘረ መል ለውጥ የተደረገባቸው ዝርያዎች ደግሞ የራሳቸውን ጥንቃቄ ይሻሉ። ለነዳጅ የሚፈለገው ኢታኖል ብቻ ስለሆነ ተመራማሪዎች ላክቲክና አሴቲክ አሲድ የሚሠሩባቸውን መንገዶች ከባክቴሪያው ላይ ሲያጠፉ ቆይተዋል፤ እንዲህ ከተሻሻሉት ዝርያዎች መካከል በሊትር 60 ግራም ሴሉሎስ ተሰጥቶት ከ20 ግራም በላይ ኢታኖል የሰጠ አለ። ኢታኖል አሲድ አይደለምና እንዲህ ያለው ዝርያ ሲያድግ የሚጠይቀው ቤዝ እጅግ ያነሰ ነው። በቀድሞው ዝርያ ላይ የተሠራውን የቤዝና የእድገት ዝምድና በአዲሱ ላይ የተጠቀመ ሰው ባክቴሪያው አላደገም ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ስለዚህ ዝርያው በተቀየረ ቁጥር ዝምድናው ከዝቃጩ ናይትሮጅን ጋር እንደገና መመሳከር አለበት። የፕሮቲን ልኬት የሚመርጥም ቢሆን ሕዋሱን ለመስበር ኤስዲኤስ የተባለውን ሳሙና ከተጠቀመ የብራድፎርድ ዘዴ ስለሚበላሽበት ሳሙናውን የሚቋቋመውን የቢሲኤ ዘዴ ይያዝ፤ የመለኪያ መስመሩንም፣ ማለትም መጠኑ ከታወቀ ፕሮቲን የሚሠራውን ማነጻጸሪያ፣ በዚያው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና በዚያው ሳሙና ውስጥ ያዘጋጅ።